የገሪዛን ድንጋዮች ምስክርነት፦ የሳምራውያን መቅደስ በቁፋሮ ሲታይ



ሳምራውያንን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ሌሎች ስለ እነርሱ ከጻፉት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ሳምራዊቷ ሴት ያነሣችው ተራራ፣ ዛሬ በናብሉስ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ገሪዛን ነው። በዚያ ስለ ነበረው መቅደስ ዋናው ምንጫችን ለረጅም ጊዜ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ ነበር፤ እርሱም ለሳምራውያን ወዳጅ አልነበረም። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ የአንድን ሕዝብ ታሪክ ከባላጋራው ብዕር የተቀበለ ተመራማሪ ምድሩንም መጠየቅ ይገባዋል።

ዮሴፍ መቅደሱ በታላቁ እስክንድር ዘመን፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰንባላጥ አሳሳቢነት እንደ ተሠራ ይተርካል። ከ1982 ጀምሮ በይጽሐቅ ማገን መሪነት የተካሄደው ቁፋሮ ግን ሌላ አሳየ። ሳንቲሞቹና የሸክላ ስብርባሪዎቹ የቅዱሱን ስፍራ የመጀመሪያ ቅጽር ወደ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ መለሱት። ይህም በመጽሐፈ ነህምያ ከተጠቀሰው ሰንባላጥ ዘመን ጋር ይገጥማል። በቅጽሩ ውስጥ የተገኙት እጅግ ብዙ የተቃጠሉ የእንስሳት አጥንቶችም በዚያ መሥዋዕት ይቀርብ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ዮሐንስ ሂርቃኖስ ስፍራውን ያጠፋበት ጊዜም በሳንቲሞቹ ምስክርነት ወደ 111 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ወርዷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወደ 400 የሚጠጋው የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ነው። አብዛኛው በአረማይስጥ የተጻፈ ሲሆን፣ አንድ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ መባ አቅርቦ በእግዚአብሔር ፊት በመልካም እንዲታሰብ ይለምናል። ባላጋራ የማይጽፈው ታሪክ ይህ ነው። በግሪክ ደሴት በዴሎስ የተገኙ ሁለት የግሪክኛ ጽሑፎችም፣ ራሳቸውን እስራኤላውያን ብለው የሚጠሩ ሰዎች ወደ ቅዱሱ ገሪዛን መባ ይልኩ እንደ ነበር ያስረዳሉ።

ይሁን እንጂ ከድንጋዩ አቅም በላይ ልናናግረው አይገባም። ቅጽሩን እንጂ የመቅደሱን ሕንፃ ቆሞ አላገኘነውም፤ በ484 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥት ዘይኖን በዚያው ስፍራ ለእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርቷል።

መቅደሱ ከጠፋ በኋላም አምልኮቱ አልጠፋም። በሰማርያ ምድር በኤል ኺርቤና በኺርበት ሰማራ የተገኙት የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምኵራቦች በሞዛይክ ያጌጡ ናቸው፤ በኤል ኺርቤውም እንደ አይሁድ ምኵራቦች ሁሉ ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሥሎበታል። የሰውና የእንስሳ ሥዕል ግን የለባቸውም፤ ፊታቸውም ወደ ኢየሩሳሌም ሳይሆን ወደ ገሪዛን ነው። ሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች የተለያዩት በምልክቱ አይደለም፤ በሚሰግዱበት አቅጣጫ ነው።

ቁጥራቸው ከአንድ ሺህ የማይበልጥ ሳምራውያን ዛሬም በየዓመቱ በዚያው ተራራ ላይ የፋሲካቸውን በግ ያርዳሉ። ስለዚህ ስለ ገሪዛን የምንጽፈው ስለ ሙታን ብቻ አይደለም፤ ጽሑፋችንን የሚያነብቡ ባለቤቶች አሉት።