ሁለት ዶላር ለሽጉጥ፣ ሃምሳ ዶላር ለበቅሎ

(በአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ሁሉም ስለ ወርኃዊ መዋጮ ይመስለዋል። አትስጉ፣ ዛሬ ያልከፈለ ሰው ስም አንጠራም። ይዘን የመጣነው አንድ አጭር የአሜሪካ ታሪክ ነው። በንባብ ሰዓታችን ላይ ተነብቦ እስኪመሽ ድረስ አከራክሮናል፤ ወንድ ልጅ የምናሳድገውን ሁሉ ስለነካን ላልነበራችሁትም ይድረስ አልን። እኛ ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች ታሪክ ስናነብም ዓይናችን ቁጥሩ ላይ ያርፋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩን የተከተለ ሰው ነገሩን ከሥሩ ያገኘዋል ብለን እናምናለን።

ጸሐፊው ሪቻርድ ራይት ይባላል። በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚሲሲፒ ግዛት፣ ናቼዝ በተባለች ከተማ አቅራቢያ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ የሄደው ራይት ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ እናቱ ሰው ቤት ምግብ እየሠራች አሳደገችው። ታሪኩ መጀመሪያ በ1940 በመጽሔት ወጣ። ዛሬ በሚታወቅበት ርዕስ በመጽሐፍ የታተመው ግን በ1961፣ ራይት ፓሪስ ውስጥ ባረፈ በዓመቱ ነው።

ርዕሱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ተቸገርን። «ወንድ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው» ልንለው እንችላለን፤ «ሰው ሊሆን ጥቂት የቀረው» ብንለውም አያጣላም። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም በአንድ ይይዛል። በእኛ ቋንቋ ግን «ወንድ ሁን» እና «ሰው ሁን» አንድ አይደሉም። እናት ልጇን ስትመርቅ «ሰው ያድርግህ» ትላለች። «ወንድ ከሆንክ ና ውጣ» የሚለው የጠብ ቃል ነው። ይህን ልዩነት ይዛችሁ ታሪኩን ስሙት።

ዴቭ ሳውንደርስ 17 ዓመቱ ነው። ሚስተር ሃውኪንስ በተባለ ነጭ ባለርስት ማሳ ላይ በቅሎ እየነዳ ያርሳል። አብረውት የሚሠሩት ትልልቅ ወንዶች እንደ ልጅ ያዩታል፤ ይህ ያንገበግበዋል። ሽጉጥ ቢኖረኝ እንዲህ አያናግሩኝም ብሎ አሰበ። ጆ ወደሚባል ባለሱቅ ሄዶ የዕቃ ካታሎግ እንዲያውሰው ለመነው፤ ጆም አንድ አሮጌ ሽጉጥ አውጥቶ በሁለት ዶላር እሸጥልሃለሁ አለው።

ልብ በሉ፣ ልጁ ይሠራል፣ ደመወዝም አለው፤ ግን ሁለት ዶላር በኪሱ የለም። ደመወዙን የምትይዘው እናቱ ናት። ለክረምቱ የትምህርት ቤት ልብስ ልትገዛለት ነው የምታስቀምጥለት። ስለዚህ «ወንድ» ለመሆን እናቱን ገንዘብ መለመን ነበረበት።

እናቱ መጀመሪያ አይሆንም አለች። ልጁ ተለማመጣት፣ አሞካሻት፤ አባቴ ሽጉጥ የለውም፣ ለቤታችን ያስፈልጋል አላት። በመጨረሻ ቀሚሷን ገለብ አድርጋ ከረጅሙ ካልሲዋ ውስጥ ቀጭን የብር ጥቅል አወጣችና ሁለት ዶላር ሰጠችው። በዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ በንባባችን ሰዓት ሁሉም ሳቀ። ካልሲ ውስጥ፣ መቀነት ውስጥ፣ ጤፍ ዕቃ ውስጥ ገንዘብ ያልደበቀች ማን አለች! ሽጉጡን እንደገዛህ ቀጥ ብለህ ለእኔ ታመጣለህ፣ የአባትህ ነው አለችው። እሺ አለ።

አላመጣም። ቤተሰቡ እስኪተኛ ውጭ ቆየ። ሌሊት እናቱ በሹክሹክታ ብትጠይቀውም ደጅ ደብቄዋለሁ፣ ጠዋት እሰጥሻለሁ አላት። ሽጉጡ ግን ትራሱ ሥር ነበር። ማለዳ ማንም ሳይነሳ ጭኑ ላይ አስሮት ወደ ማሳ ሄደ። ጄኒ የምትባለዋን በቅሎ ይዞ ከሰው ርቆ ጫካው ዳር ሲደርስ ፊቱን አዞረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተኮሰ። ጥይቱ ጄኒን መታት። ደሟ ሲፈስ እርጥብ አፈር እየዘገነ ቁስሉን ሊደፍን ሞከረ። አፈሩ ደሙን አላቆመውም፤ በቅሎዋ እዚያው ሞተች። ከዚህ ገጽ በላይ ያስለቀሰን የለም። እጁ ላይ ያለው መሣሪያ የትልቅ ሰው ነው፤ ቁስል በአፈር መድፈኑ ግን የሕፃን ነው።

ማታ ሕዝብ ተሰበሰበ። ማረሻው ላይ ወድቃ ተወጋች ብሎ ዋሸ። አንዱ ቁስሉን አይቶ ይህ የጥይት ይመስላል አለ። እናቱ እውነቱን ተናገር ብላ ወጠረችው፤ አልቅሶ ተናዘዘ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀበት። ሃውኪንስም የሞተች በቅሎ ገዛህ አለው። ዋጋዋ ሃምሳ ዶላር ነው፤ እየሠራህ በወር ሁለት ዶላር ትከፍላለህ ተባለ።

ሃምሳን ለሁለት ስናካፍል ሃያ አምስት ወር ይሆናል። ወለድ የለውም፤ ላይ ላዩን ሲታይ ደግ ባለርስት ይመስላል። ነገር ግን በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብ ልክ የሽጉጡ ዋጋ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሙሉ በየወሩ አንድ ሽጉጥ ይገዛል፣ አንዱንም አይዝም ማለት ነው። ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይመስለንም።

በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ደግሞ የአንድ ጥቁር ልጅ ዕዳ ዝም ብሎ ዕዳ አልነበረም። ባርነት በ1865 በሕግ ቢቀርም በደቡብ አሜሪካ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች የነጭ ባለርስት መሬት በእኩል እያረሱ፣ ዘርና ቀለብ በዱቤ እየወሰዱ ይኖሩ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ሂሳቡን የሚያስበው፣ መዝገቡንም የሚይዘው ባለርስቱ ነው። ሰውን በዕዳ አስሮ ማሠራት በ1867 በሕግ ተከልክሏል። በ1911 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ ሥራውን የተወ ሠራተኛን እንደ ወንጀለኛ ያስቀጣ የነበረ የአላባማ ሕግ ሽሯል። ድርጊቱ ግን በሕጉ ፍጥነት አልጠፋም። መዝገቡን የሚያየው አንድ ወገን ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል በእኛ ሙያ ያለ ሰው ይገባዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ ምድር ጥቁር ወንድ ሽበት ቢያወጣም በነጮቹ አፍ «አንተ ልጅ» ነበር የሚባለው። ዴቭ ወንድ ነኝ ለማለት የተቻኮለው ጉርምስና ብቻ ገፍቶት አይደለም። አባቱም በሃውኪንስ ፊት ከልጅ የማይሻል ቃል እንደሌለው ያያል። ከዚህ ቤት ማንን አይቶ ትልቅ ሰው መሆንን ይማር?

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ግማሾቻችን እናትየዋን ወቀስን፤ ሽጉጥ መግዣ ለልጅ ይሰጣል ወይ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ አባትየው ከዱላ በቀር ሌላ ነገር አያውቅም ብለን እሱ ላይ ዞርን። ከሂሳብ ክፍል የምንለው ትንሽ ለየት ይላል። እናትየዋ ገንዘቡን መያዟ ስህተት አይደለም። ለልብሱ ነው የያዘችለት፣ አንድ ሳንቲም ለራሷ ስታውል አላየንም። የጎደለው ልጁ የራሱን ሂሳብ አይቶ አለማወቁ ነው። በዚህ ወር ይህን ያህል አገባህ፣ ለጫማህ ይህን ያህል ቀረህ ያለው ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። ላቡን ያፈሳል፣ ገንዘቡ ከሃውኪንስ እጅ ወደ እናቱ ካልሲ ያልፋል፣ እሱ በመካከሉ የለም። በሃያ አምስቱ ወር ዕዳም እንዲሁ ነው፤ ትልልቆቹ በጭንቅላቱ ላይ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ልጅ ትልቅ ሰው መሆንን በድምፁ ከሚያስደነግጥ ዕቃ ቢፈልግ አይገርምም። እናቱ ሰው ልታደርገው ትደክማለች፣ ባለሱቁ ወንድነትን በሁለት ዶላር ይሸጥለታል።

ያን ሌሊት ዴቭ አልተኛም። ወንዝ ውስጥ ጣልኩት ያለውን ሽጉጥ ከቀበረበት አወጣው፤ አሁን ዓይኑን ገልጦ የቀሩትን ጥይቶች ሁሉ ተኮሰ። የሃውኪንስን ትልቅ ነጭ ቤት አሻግሮ እያየ አንዲት ጥይት ብትቀረኝ ባስደነገጥኩት ብሎ ተመኘ። ከዚያ የጭነት ባቡር ሲመጣ ዘሎ ተሳፈረ፣ ወንድ ወደሚሆንበት ቦታ። ባቡሩ የኢሊኖይ ሴንትራል ነው፤ በዚያ መስመር ብዙ ጥቁሮች ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ሄደዋል። ራይት ራሱም በ1927 ቺካጎ ገብቷል፤ ስለዚህ የልጁን መሄድ እንደ ጥፋት ብቻ ያየው አይመስለንም። አንዲት አባላችን ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፦ በቅሎዋን ማን ይከፍላል? ታሪኩ አይነግረንም። ዴቭ ኪሱ ውስጥ ባዶ ሽጉጥ ነው ያለው። እናቱ፣ አባቱና ወንድሙ ግን ከሃውኪንስ መዝገብ አጠገብ ቀርተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። በቁጠባ መዝገባችን ውስጥ በእናት ስም ከገባው ገንዘብ የተወሰነው ወንዶች ልጆቻችን ጫማ ጠርገው፣ ዕቃ ተሸክመው፣ የታክሲ ረዳት ሆነው ያመጡት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እስካሁን ከእናት ቁጠባ ጋር ተቀላቅሎ ይመዘገባል። ሴቶች ልጆቻችንስ ያላችሁ አላችሁ፤ የእነሱም ያው ነው፣ ምናልባትም ይብሳል፤ ሴት ልጅ የምትሠራው ጭራሹን እንደ ሥራ አይቆጠርምና።

ያቀረብነው ሐሳብ ቀላል ነው። በእናት ደብተር ውስጥ ለሚሠራ ልጅ የራሱ ገጽ ይከፈት። ገንዘቡ ሲገባ ልጁ ራሱ መጥቶ ይፈርም፤ ሲወጣ የእናትና የልጅ ሁለት ፊርማ ይኑር። ለምን እንደወጣም ከጎኑ ይጻፍ። እናት ከሥልጣኗ ምንም አይቀነስባትም፤ ሽጉጥ የሚያስገዛ ፊርማ አትፈርምም። ለደጋፊዎቻችንም፣ ለዚህ ተጨማሪ በጀት አንጠይቅም፤ የሚያስፈልገው መስመር የተሰመረበት ወረቀት ነው።

ኮሚቴው ለሦስት ወር እንድንሞክረው ፈቅዷል። ቅጹ ጸሐፊያችን ዘንድ አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንሞላለን። ስትመጡ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ እናንተ ልትፈርሙላቸው አይቻልም።