ስለ ዓይነ አፋር ሰው የሚነገሩ የእንግሊዝኛ አባባሎችና የአስተርጓሚው ኃላፊነት



እንደሚታወቀው የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጣው ጎብኚና የላስታ ሰው የሚነጋገሩት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የአስተርጓሚው ኃላፊነት ከባድ ነው። ዛሬ የማነሣው ከዚሁ ኃላፊነት አንዱን ክፍል፣ ይኸውም ስለ ዓይነ አፋር ሰው የሚነገረውን ዘይቤያዊ አነጋገር ነው።

እንግሊዞች ከጨዋታ ርቆ ዳር የሚይዘውን ሰው «የግድግዳ አበባ» ይሉታል። ቃሉ በመሠረቱ በአሮጌ ግንብ ላይ የሚበቅል አበባ ስም ሲሆን፣ ኋላ በዳንስ አዳራሽ አብሯት የሚጨፍር አጥታ ግድግዳ ተጠግታ ለምትቀመጥ ሴት ተሰጠ። ድፍረት ያጣውን «ዝይ እንኳ የማያስደነግጥ»፣ የተፍታታውን «ከቅርፊቱ ወጣ»፣ የእንግድነትን ዝምታ ያስወገደውን ደግሞ «በረዶውን ሰበረ» ይላሉ። በረዶ ለላስታ ገበሬ ሰብል አውዳሚ መቅሠፍት እንጂ የመርከብን መንገድ የሚዘጋ ግግር አይደለም፤ ስለሆነም «ጨዋታ ከፈተ» ማለት ይበቃል።

ዋናው ችግር ግን ከምስሉ ይልቅ በፍርዱ ላይ ነው። እነዚህ የእንግሊዝኛ አባባሎች ዓይነ አፋርነትን በአብዛኛው እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። በእኛ ዘንድ ግን ስድቡ «ዓይን አውጣ» እና «ዓይነ ደረቅ» ሲሆን፣ «ጭምት» እና «ቁጥብ» ምስጋና ናቸው።

ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአሸተን ማርያም ካህኑ መስቀሉንና የብራና መጻሕፍቱን ሲያሳዩ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ በአጠገባቸው ቆሟል እንበል። እንግዳው «ይህ ልጅ ከቅርፊቱ አልወጣም» ቢልና አስተርጓሚው «ፈሪ ነህ ይልሃል» ብሎ ቢያቀብል፣ ጨዋነቱ ነውር ሆኖ ይመለስለታል። በአንጻሩም ስለዚሁ ወጣት በሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ውስጥ «ጭምት» የሚለው ምስጋና «ዓይነ አፋር» ተብሎ ብቻ በእንግሊዝኛ ቢሰፍር፣ የሥራ ወይም የትምህርት ዕድሉን ሊያሰናክልበት ይችላል። «በታላላቆቹ ፊት አክብሮት ያለው፣ አስቦ የሚናገር» ቢባል ግን እውነቱ ሳይዛነፍ ይደርሳል።

ይህን ስል ዝምታ ሁሉ ጨዋነት ነው ማለቴ አይደለም። መጠየቅ እየፈለገ ፍርሃት አፉን የለጎመው ልጅም አለ፤ እርሱን «ጭምት» ብሎ ማለፍ እርዳታን መንፈግ ነው። እንግዲህ አስተርጓሚ ቃሉን ከመምረጡ በፊት ዝምታው ከአክብሮት ወይስ ከፍርሃት የመጣ መሆኑን ይመርምር። የሰው ስም በእጁ ነውና።