በባሕር የጠፋ ልጅ የዘር ቈጠራ
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



የመዘዞ ልጅ በአገሩ ቢሞት ወገን ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ በአጥቢያውም አፈር ይቀበራል። በጦርነት ጊዜ በባሕር የጠፋ መርከበኛ ግን ለዘመዶቹ መቃብር አይተውላቸውም። የሚቀርለት መታሰቢያ ስሙና ዘሩ ነው፤ እነዚህም ካልተጻፉ ከሽማግሌዎች ጋር ይቀበራሉ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፤ ብዙ ዓመት ሳይቈይ በምጽዋ የባሕር ኃይል ተቋቋመ። የኖርዌይ መኮንኖችም በማሠልጠን ረዱ። ባሕርን አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች በዚያ የመርከብን ሥራ ተማሩ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ግን የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር በየብስና በፈጣን ጀልባዎች ምጽዋን ወግቶ ያዘ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ከተረፉት መርከቦች ብዙዎቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሄዱ።

ስለዚህ የጠፋውን ልጅ ታሪክ የሚፈልግ ዘመድ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፤ ልጁ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በየትኛው ስፍራ፤ በየትኛውስ መርከብ ወይም ክፍል ነበር ብሎ ነው። ከዚያ ወር በኋላ በእጁ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ቢገኝ፤ ከምጽዋው ውጊያ በሕይወት መትረፉ ይታወቃል፤ ፍለጋውም ወደ ሌላ ወደብና ወደ ስደት አገር ይዞራል። በሣጥን ውስጥ የቈየ ወረቀትና ፎቶግራፍ በከንቱ እንዳይጣል ምክንያቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የስም ነገር ነው። በሠራዊት መዝገብ ልጁ በራሱ፤ በአባቱና በአያቱ ስም ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ግን የምታውቀው በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ በተሰጠው የክርስትና ስም ነው፤ በጸሎትም የሚታሰበው በዚሁ ስም ነው። የመዝገቡ ጸሐፊ የክርስትና ስሙን አያውቅም፤ ካህኑም የሠራዊት ቍጥሩን አያውቅም። እናቱ፤ የክርስትና አባቱና የነፍስ አባቱ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ካልተገናኙ፤ አንዱ ልጅ በሁለት ቦታ እንደ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ትውልዱን መቍጠር ነው። በመንዝ ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ስለ ነበር፤ ድርሻውን የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እስከ ዋናው አባት ድረስ ቈጥሮ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህ ክርክር ቀረ፤ ከክርክሩም ጋር የቈጣሪዎቹ ቍጥር አነሰ። ነገር ግን በጋብቻ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት መቍጠር አልቀረም። መርከበኛው በወደብ ከተማ ልጅ ወልዶ እንደ ሆነ፤ ያ ልጅ አድጎ አንድ ቀን «የአባቴ ወገን እነማን ናቸው?» ብሎ ወደዚህ ደጋ ይመጣ ይሆናል። የሚነግረው ቢያጣ በአባቱ አገር እንግዳ ይሆናል፤ ሳያውቅም ከዘመዱ ጋር ሊጋባ ይችላል።

እንግዲህ በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ለየብቻቸው ይጠየቁ፤ የተስማሙበት ይጻፍ፤ ያልተስማሙበትም ከነልዩነቱ ይጻፍ። ያልታወቀው ስፍራ ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ፤ በግምት የገባ አንድ አያት የልጅ ልጆችን ሁሉ ከሌላ ሰው ቤት ያገባልና። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በጦርነት የተለያዩ ዘመዶችን በማፈላለግ ስለሚረዳ፤ ወረቀቱን ይዞ እርሱን መጠየቅ መልካም ነው።

ፈላጊው ግን በእናት ፊት ይጠንቀቅ። ያልተረጋገጠ መርዶ አያርዳት፤ ያልተረጋገጠ ተስፋም አይስጣት። የተገኘውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይንገራት፤ የክርስትና ስሙንም ከአፏ ተቀብሎ ይጻፍ።

እግዚአብሔር የጠፉትን ያስብልን፤ የቀሩትንም ያጽናልን። አሜን።