ከባድ ወንጀል የሠራ ልጅ እንደ አዋቂ ይቀጣ?

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ማብቂያ ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ የተነሣውን ክርክር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሰው ገድሎ ተያዘ የሚል ወሬ መጣና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቻችን «የአዋቂ ሥራ ከሠራ የአዋቂ ቅጣት ይቀበል» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ልጅ አይደለም እንዴ፤ ምን ያውቃል?» አልን። ሊቀመንበራችንም ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ከሚቀርቡ ልጆች ጋር የሠራሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ በጉዳዩ ላይ እንድናገር ጠየቁኝ።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከባድ ወንጀል የሠራ ልጅ መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን እንደ አዋቂ መቀጣት የለበትም። እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። ለምን እንዲህ እንደምል በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በመጀመሪያ ሕጋችን ምን እንደሚል እንወቅ። ብዙዎቻችን «18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይከሰስም» ሲባል እንሰማለን። ይህ ትክክል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት የወንጀል ሕግ ልጆችን በሦስት ይከፍላቸዋል።

ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። እርሱን ማረም የቤተሰቡና የአሳዳጊው ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ልጅ ግን ይጠየቃል፤ የሚወሰንበት ግን ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት ሳይሆን ለወጣቶች ተለይቶ የተደነገገው እርምጃ ነው። ይህም ከተግሣጽ ይጀምርና በቁጥጥር ሥር ሆኖ መማርን፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ መግባትን ይጨምራል። አዋቂ ቢሆን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ልጁ ከአንድ እስከ አሥር ዓመት በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ «ልጅ ከሆነ ዝም ብሎ ይለቀቃል» የሚባለው ወሬ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖ አሥራ ስምንት ያልሞላው ነው። ይህ ብዙዎቻችሁን ሊያስገርም ይችላል፤ እርሱ የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ፣ ማለትም በአዋቂው ሕግ ነው። ዳኛው ዕድሜውንና ሁኔታውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ወይም ለወጣቶች የተደነገገውን እርምጃ ሊወስንለት ይችላል። «ይችላል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሊያደርገውም ላያደርገውም ይችላል። ሕጉ አጥብቆ የዘጋው በር የሞት ቅጣትን ነው፤ ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በሞት አይቀጣም። እንግዲህ የባለፈው ክርክራችን ዋና ጉዳይ የሆነው የ16 ዓመቱ ልጅ በሕጋችን ከአዋቂው ወገን ተቆጥሯል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ «እንደ አዋቂ ይቀጣ» ወደምትሉት እኅቶቼ ልምጣ። የእናንተን ሐሳብ አቃልዬ አላየውም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ልጇ የተገደለባት እናት ገዳዩ 15 ዓመቱ ይሁን 50 ሐዘኗ አይቀንስም። የተደፈረች የሰባት ዓመት ሕፃን የደፋሪዋ የልደት ቀን ሕመሟን አያስታግሥላትም። የምንኖረው በአንድ ሰፈር ነው፤ ይህች እናት ነገ ከውኃ ቦኖው፣ ከወፍጮ ቤቱ፣ ከገበያው የጥፋተኛውን ቤተሰብ ታገኛለች። ለእርሷ ፍትሕ ካልሰጠናት ስለ ልጆች መብት መናገራችን ባዶ ነው።

ሌላም የምትሉት አለ። አንዳንድ ክፉ አዋቂዎች «አንተ ልጅ ነህ፤ ብትያዝም አትታሰርም» እያሉ ልጆችን ለስርቆትና ለድብደባ ያሰማራሉ። ይህም እውነት ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት የሚገባው ማነው? ላኪው አይደለምን? የተላከውን ልጅ እንደ አዋቂ ብናስረው ላኪው ሌላ ልጅ ፈልጎ ይልካል።

ታዲያ ለምን እንደ አዋቂ አይቀጣ? ሦስት ምክንያቶች አሉኝ።

አንደኛው የልጅ አእምሮ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ሲሉ ይህንኑ አይተዋል። የሕክምና ሳይንስም ዛሬ ያንኑ ይናገራል፤ ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ልጅ ክፉና ደጉን አያውቅም ማለቴ አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ መግደል ክፉ እንደሆነ ያውቃል። የሚያጥረው ዕውቀቱ ሳይሆን በንዴት ሰዓት፣ በጓደኞቹ ፊት፣ እጁን የሚይዝበት ልጓም ነው። በሥራዬ ያገኘኋቸው ብዙዎቹ ልጆች ብቻቸውን ቢሆኑ ያን አያደርጉትም ነበር፤ ከኋላቸው የሚያያቸው የጓደኛ መንጋ ነበር። ይህ ጥፋታቸውን አይሰርዝም። ጥፋታቸው ግን ከአዋቂ ጥፋት ጋር በአንድ ሚዛን እንዳይቀመጥ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ልጅ መለወጥ የሚችል መሆኑ ነው። እርጥብ እንጨት እንደምንጎብጠው፣ የደረቀውን ግን እንደምንሰብረው ሁሉ፣ ጠባይም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የምንለው።

ሦስተኛው የእኛው ደኅንነት ነው። ይህን በተለይ «ለሰፈራችን እንፈራለን» ለምትሉት እናገራለሁ። የታሰረ ልጅ አንድ ቀን ይፈታል። ጥያቄው ሲወጣ ምን ሆኖ ይወጣል የሚለው ነው። የ16 ዓመት ልጅ ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር ሲያድር የሚያስተምረው ማነው? የሚመክረው፣ የሚያስፈራራው፣ የሚያበላሸውስ?

በዚህ ላይ ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት አለ። አሜሪካ የምትኖሩ እኅቶቻችንም በቅርብ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚያ የወጣቶች ወንጀል ብዙ ሰው ስላስደነገጠ አብዛኞቹ ግዛቶች ልጆችን ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት ማስተላለፍን የሚያቀልሉ ሕጎች አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያሳተመው የባለሙያዎች ግምገማ ግን ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ወደ አዋቂ ፍርድ ቤት የተላለፉት ልጆች በወጣቶች ፍርድ ቤት ከቀሩት ይልቅ ተመልሰው የኃይል ወንጀል ውስጥ የመግባታቸው ነገር በጠቅላላው ብሶ ተገኘ። ሕዝቡን ይጠብቃል የተባለው ሕግ አደጋውን ጨመረው ማለት ነው። በዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. 18 ዓመት ሳይሞላው በሠራው ወንጀል ማንም በሞት እንዳይቀጣ ወስኗል። ኒውዮርክም እ.ኤ.አ. በ2017 የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን ሁሉ በቀጥታ እንደ አዋቂ መክሰስን የሚያስቀር ሕግ አውጥታለች። እነርሱ ሞክረው የተመለሱበትን መንገድ እኛ አሁን ብንጀምረው ትርፉ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። «ልጅ ነው» ማለት «ይታለፍ» ማለት አይደለም። በተለይ በአስገድዶ መድፈር ጉዳይ ሽማግሌ ተልኮ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ «የሁለቱም ልጆች ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ ነገሩ ሲዳፈን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህ ምሕረት አይደለም። ሽምግልናችን ለጎረቤት ጠብና ለባልና ሚስት ኩርፊያ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ የሕፃንን ጩኸት ለመሸጥ ግን ማንም ሥልጣን አልሰጠውም። እንዲህ ሲደረግ ተጎጂዋ ሁለተኛ ትጎዳለች። አጥፊውም ልጅ «ነገር በገንዘብ ያልቃል» የሚለውን ትምህርት ይማራል። ለእርሱም ቢሆን ከዚህ የከፋ ነገር አልተደረገበትም።

እኔ የምለው ተጠያቂነት ይህ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ልጁ የሠራው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገረው። ነጻነቱን ማጣት ካለበትም ይጣ፤ ግን ትምህርትና ሙያ፣ መካሪና ሐኪም ባለበት፣ ከአዋቂዎች በተለየ ቦታ ይሁን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 በማረሚያ ያሉ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ይደነግጋል። አገራችን የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ልጅ ይለዋል፤ ልጅን ማሰር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ጊዜውም በተቻለ መጠን ይጠር ይላል።

ጽሑፉ እንግዲህ ጥሩ ነው። ጎዶሎው ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቅድም ያልኳችሁ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ክፍተት ነው። ስምምነቱ ልጅ የሚለውን የ16 ዓመት ልጅ ሕጋችን ለዳኛው መልካም ፈቃድ ትቶታል። ይህ እንዲስተካከል የሴቶች ማኅበራት ድምፅ ማሰማት ይገባናል። ሁለተኛው የቦታ እጥረት ነው። አዲስ አበባ ልደታ ያለው የጠባይ ማረሚያ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚገኝ ዳኛ «ወደ ጠባይ ማረሚያ ይግባ» ብሎ መወሰን ብቻውን ምን ይጠቅማል? ተቋሙ ከሌለ ልጁ ወይ ይለቀቃል፣ ወይ ከአዋቂዎች ጋር ይታሰራል። ሁለቱም ፍትሕ አይደለም። ደጋፊዎቻችን ለልጆች በጎ ነገር ለመሥራት ስትጠይቁን ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን ስለ ሕፃናት መዋያና ስለ ትምህርት ቁሳቁስ ነው። እነዚህን ልጆችም አስቡልን።

በመጨረሻ እኛ በእጃችን ምን አለ? ሦስት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ዕድሜ በሕግ ፊት ይህን ያህል የሚለይ ከሆነ ዕድሜን የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው ልጅ ሲያዝ ሐኪም ቤት ተልኮ ዕድሜው በአጥንቱ ራጅ ይገመታል። ግምት ነውና በዓመት ሁለት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ያለ ስሕተት የ14 ዓመቱን ልጅ ወደ አዋቂው ሕግ ይወረውረዋል፤ የ19 ዓመቱንም ልጅ ያስመስለዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ልጆቿን ያላስመዘገበች አባል ካለች በዚህ ወር ትሂድ፤ ብቻዋን መሄድ ከከበዳት አንዳችን አብረናት እንሂድ።

ሁለተኛው ተጎጂዋን ማስቀደም ነው። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ብትጎዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሐኪም ቤትና ፖሊስ ጣቢያ አብረናት እንሂድ። ለመጓጓዣና ለሕክምና ከድንገተኛ ፈንዳችን ወዲያው ይሰጣት። «ለሽማግሌ ተዪው» የሚል ግፊት ሲመጣባትም ከጎኗ እንቁም።

ሦስተኛውን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ቅር ሊላችሁ ይችላል። ልጇ የተከሰሰባትንም እናት አንጣላት። ባለፈው ክርክር ላይ «እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች ሴት ከቁጠባ ቡድናችን ትውጣ» የሚል ሐሳብ ተሰምቷል። እኔ አልስማማም። ወንጀል የሠራው እርሱ ነው፤ እርሷ አልተከሰሰችም። ከቁጠባው ብናስወጣት ጉሊቷ ይዘጋል፣ ቤት የቀሩት ታናናሾቹ ይራባሉ፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ የሚወጣው ሁለተኛው ልጅ ነው። ደግሞ በሥራ ዘመኔ ካየሁት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከማረሚያ ወጥተው ቀና ሕይወት የጀመሩት በአብዛኛው እናት ወይም አክስት ሳታቋርጥ ስንቅ ይዛ የጠየቀቻቸው ልጆች ነበሩ። የእናቲቱን ጉልበት ስንደግፍ የሰፈራችንን ሰላም እየደገፍን ነው።

ሁለቱ እናቶች በአንድ ማኅበር ውስጥ ሊገኙ እንደሚችሉ አውቃለሁ። በአንድ ቀን በአንድ አዳራሽ ይቀመጡ አልልም፤ ይህን ማንም ከተጎዳች እናት ሊጠይቅ አይገባም። ማኅበሩ ግን ለሁለቱም በሩን መክፈት ይችላል፤ ለአንዷ ፍትሕን፣ ለሌላዋ ተስፋን ይዞ። ሦስቱን ሐሳቦች ሥራ አመራር ኮሚቴው ለውሳኔ እንዲያቀርባቸው እጠይቃለሁ፤ የምትቃወሙኝም በነጻነት ተናገሩ።