ደረቅ ጠጅና ደረቅ ወይን ጠጅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሐይቅና ከአምባሰል የመጣን ተማሪዎች ስለ ወይን ጠጅ ስኳር እንናገራለን ባልን ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። የሐይቅ ሰው ዓሣ፣ የአምባሰል ሰው ማር ያውቃል እንጂ የወይን ዘለላ ከየት አይቶ ነው ማለታችሁ ይሆናል። እኛም አንክድም፤ እንዲያውም አሰል በዓረብኛ ማር ስለ ሆነ የአገራችን ስም የማር አምባ ማለት ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን የወይኑም የማሩም ጠጅ ሥራው አንድ ስለ ሆነ ከምናውቀው ተነሥተን ወደማናውቀው ብንሄድ ነውር የለበትም።

የበሰለ ወይን ጭማቂ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ200 እስከ 240 ግራም ስኳር ይይዛል። እርሾው ይህን ስኳር እየበላ አልኮልና አየር ያደርገዋል፤ በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ሲበላ አንድ በመቶ አልኮል ይወጣል። ስለዚህ ጠጅ ጣፋጭ ነው ማለት እርሾው ሳይበላ የተወው ስኳር አለ ማለት ነው። በአውሮፓ ደንብ ስኳሩ በሊትር ከ4 ግራም ያልበለጠ ወይን ጠጅ ደረቅ ይባላል፤ ኮምጣጣነቱ ከበረታ እስከ 9 ይፈቀድለታል፤ 45 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው ጣፋጭ ነው። በአገራችን ጠርሙሶች ጉደር ከደረቁ፣ አክሱሚት ከጣፋጩ ወገን ነው። ምላስ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ስኳሩ ሳይቀነስ ጣፋጭነቱ እንደሚደበቅ ሁሉ፣ ሻምፓኝም በሊትር እስከ 12 ግራም ስኳር ይዞ ደረቅ መስሎ ይጠጣል።

በጠጅ ቤት ግን ደረቅ አምጣልኝ የሚል ሰው የሚፈልገው ኃይለኛውን ነው። ስለ ስኳሩ አላሰበም። በ1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ ሌላ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ስንት ደም አስፈሰሰ! የኛ ደረቅ እንኳ ጦር አያስነሣም፤ ሆኖም ሰው ያሳምማል።

አሁን ወደ ጋኑ እንምጣ። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ስኳር ነው። እናቶቻችን አንዱን እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ ቢበጠብጡት በሊትር ወደ 224 ግራም ስኳር ይሆናል፤ ማለት የወይኑን ጭማቂ ያህል ነው። እርሾው ሁሉንም ቢጨርስ አልኮሉ 13 በመቶ ይደርሳል። በሦስት እጅ ውሃ ከሆነ ግን ስኳሩ 280 ግራም ነው፤ እርሾው 11 በመቶ ላይ ቢደክም 93 ግራም ይቀራል። እንግዲህ ይህ ጠጅ ጠንካራም ጣፋጭም ነው! የጌሾው ምሬት ስለሚሸፍነው ጠጪው አያውቀውም። በማር ፈንታ የሱቅ ስኳር የሚጨምሩትም የሚደበቁት በዚሁ ነው፤ እርሾው ሁለቱንም ይበላልና ጉዳቱ ለቆላውና ለደጋው ንብ አርቢ ይተርፋል።

ይህን ሒሳብ እንድንሠራ ያደረገን ግን ብርዝ ነው። በወሎ ሠርግ ክርስቲያኑ ጠጅ፣ እስላሙ ብርዝ ይዞ አብሮ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት ሐይቅ ላይ በተደረገ ሠርግ ከመካከላችን የአንዱ አጎት፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰው፣ ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጥተው፣ ለስላሳውን ጠርሙስ ገፍተው፣ ብርዙን ግን «ማር መድኃኒት ነው» እያሉ ደጋገሙት። ሌሊቱን ውሃ ውሃ ሲሉ አድረው በማግሥቱ ተይዘው ወደ ሐኪም ሄዱ። ብርዝ እርሾ ያልነካው ስለ ሆነ ስኳሩ እንዳለ ነው። በስድስት እጅ ውሃ የቀጠነው እንኳ በሊትር 160 ግራም አለው፤ ያ የገፉት ለስላሳ ከ100 ግራም እምብዛም አይበልጥም። ሩብ ሊትር ብርዝ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ሲያድር ደግሞ ስኳሩ መቀነስ ይጀምራል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ አልኮል ስለሚገባበት ለአጎታችን ሌላ ጣጣ ነው።

ይህንን በመሣሪያ ማየት ለሚፈልግ ሃይድሮሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ ብርጭቆ ይበቃል። ብቻ መፍላቱ ሳይጀምርና ካበቃ በኋላ ሁለት ጊዜ መለካት አለበት፤ አልኮል ከውሃ ስለሚቀል የመጨረሻው ንባብ ብቻውን ስኳሩን አሳንሶ ያሳያል። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንወርድ አንዱን ተውሰን ልንሄድ አስበናል። ብርዙን የምታቀርብልን የአጎታችን ባለቤት ናት፤ በመጀመሪያ ግን አጎታችን ራሳቸው ቁጥሩን ያነባሉ።