ምሕንድስናና ኤኮኖሚክስ በአንድ ተማሪ ትከሻ ላይ
(ሐዋሳ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ የእናንተው ልጆች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ወጣቶች «ምሕንድስናንና ኤኮኖሚክስን ደርቤ ብማር ይበጀኛል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ አንድ ተማሪ በሁለት ዋና ትምህርቶች ባንድ ጊዜ መመረቅ ይችላል። በእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው ግን መደበኛው ተማሪ በአንድ ትምህርት ክፍል መመደቡ ነው፤ ሁለተኛውን የፈለገ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ እየከፈለ ይማራል። እንግዲህ ጥያቄው፣ አምስት ዓመት በሚፈጀው ምሕንድስና ላይ ሌላ ዲግሪ መደረቡ የወጣቱን እንቅልፍና የወላጁን ገንዘብ ያህል ያወጣል ወይ የሚል ይሆናል።

ኤኮኖሚክስ ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም። በ1844 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ሥራዎች ጥቅም እንዴት እንደሚለካ የጻፈው ፈረንሳዊው ዡል ዱፕዊ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነበር። ድልድዩ የሚሰጠው ጥቅም ከተሻጋሪው ከሚሰበሰበው ገንዘብ እንደሚበልጥ ያሳየው እርሱ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ ከተማችንን እንመልከት። የሐዋሳ ሐይቅ ውኃው የሚፈስበት መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የፍሳሽ ማጣሪያም ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ የታቀደ ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ውኃውን አጥርቶ ለፋብሪካዎቹ ይመልሳል፤ የተረፈውን ጨዋማ ውኃ ደግሞ አትንኖ ጨዉን ያስቀራል። ማትነኑ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ወጪውን ማን ይሸከም? ሼድ የተከራየው ባለፋብሪካ፣ መንግሥት፣ ወይስ ማጣሪያው ባይኖር የሚጎዳው ዓሣ አስጋሪ? ንድፉ ስለዚህ አይናገርም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥም ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች። የሼዶቹ ምሰሶ እንደቆመ ነበር፤ የተናጋው ሒሳቡ ነው። ተከራይ ሲጎድል የማጣሪያ ቋሚ ወጪ አብሮ አይጎድልም፤ በቀሩት ላይ ይከፋፈላል እንጂ። ይህን አስቀድሞ የሚያሰላ መሐንዲስ ያስፈልገናል።

ታዲያ ሁለት ዲግሪ ይያዝ ማለቴ ነውን? አይደለም። የፕሮጀክት ብድር ለመመርመር ወይም በፕላን መሥሪያ ቤት ለመሥራት የቆረጠ ካልሆነ በቀር፣ ምሕንድስናውን በሚገባ ይጨርስ፤ ብዙዎች ማርክ ለመሙላት ብቻ የሚወስዱትን የምሕንድስና ኤኮኖሚክስ ኮርስ ከልቡ ይማር፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶም ሁለተኛ ዲግሪውን በኤኮኖሚክስ ያድርግ። የሥራ ቦታ ያላየ ተማሪ የወለድን ቀመር ይሸመድዳል እንጂ፣ አንድ ወር የዘገየ ሲሚንቶ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አያውቅም። (የሒሳብ ባለሙያዎቻችንም ቢሆኑ ይህን ዘወትር አያውቁትም።)

ለልምምድ ወደየሥራ ቦታችን የሚላኩልንን ተማሪዎች እስከ ዛሬ ኮንክሪት ስናስቆጥራቸው ኖረናል። በሚመጣው ዓመት የክፍያ ሰርተፊኬቱንና የብድር ውሉንም እናስነብባቸው፤ ኤኮኖሚክሱን መደረብ የሚሻው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ራሱ ይለያል።