ነርሷ፣ መሐንዲሱና የአንጀት ሕመምተኛው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ አንድ መሐንዲስ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ ቢናገር የሚደነቅ አይኖርም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ሥር ስለ ሰደደ የአንጀት ሕመምና በዚህ ሕመም የተያዘውን ሰው ስለሚንከባከቡት ነርሶች ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን አስቀድሜ መግለጽ ይገባኛል። ሥራዬ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በሚዘልቀው ሸለቆ የውሃና የሕንፃ ሥራ ነው። በዚያ አገር ጤና ጣቢያው ውሃ የሚያገኘው፣ መጸዳጃው የሚቆመው፣ የመድኃኒቱ ማቀዝቀዣ የሚሠራው በእኛ ሙያ ነው። በሕንፃው ውስጥ ሌሊቱን የምታነጋው ግን ነርሷ ናት። ነርስ ስል ሴቷንም ወንዱንም ማለቴ ነው። የነርሷን ሥራ ሳያውቅ ለነርሷ የሚሠራ መሐንዲስ፣ እግር ሳይለካ ጫማ እንደሚሰፋ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። የአንጀት ብግነት ሕመሞች ከሚባሉት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው ሲሆን፣ ከፊንጢጣ ተነሥቶ ወደ ላይ እየቀጠለ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1932 በሪል ክሮን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የክሮን ሕመም ነው። ይህኛው ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን ማንኛውንም ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ስለሚገባም መተላለፊያውን ያጠብባል ወይም ይበሳዋል። ሁለቱም በአንድ በታወቀ ተሕዋስ የሚመጡ አይደሉም። የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ሲነሣ የሚደርሱ ናቸው። ይበርዳሉ፣ ይመለሳሉ። ብዙውን ጊዜ የሚይዙትም ሰው ገና በወጣትነቱ፣ በሥራና በትዳር ዕድሜው ላይ ሳለ ነው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ክሳትና የደም ማነስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፋታ የማይሰጥ ጥድፊያ ምልክቶቻቸው ናቸው።

በአገራችን ደም ያለው ተቅማጥ ሲታይ አስቀድሞ የሚታሰበው አሜባ ወይም በባክቴሪያ የሚመጣው የደም ተቅማጥ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በአዋሽ ተፋሰስም በላይኛው በኩል በወንጂና በመተሐራ የመስኖ እርሻዎች የአንጀት ቢልሃርዝያ ሲታወቅ የቆየ ነው። የነቀርሳ በሽታ አንጀትን በያዘ ጊዜም የክሮንን ሕመም እጅግ ይመስላል፤ የሠለጠነ ዓይን እንኳ ሊሳሳት ይችላል። ስሕተቱ ግን ቀላል አይደለም። ለአንጀት ብግነት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ያደክማልና፣ አሜባ ወይም ነቀርሳ ላለበት ሰው ያለ ምርመራ ቢሰጥ በሽታውን ሊያባብሰውና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። በሌላ በኩል እውነተኛው ሕመም ብግነት የሆነበት ሰው ለአሜባ የሚሰጠውን መድኃኒት ደጋግሞ እየዋጠ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፉበታል።

እንግዲህ የነርሷ የመጀመሪያ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። አንጀትን በመሣሪያ ውስጡን አይቶ ሕመሙን ለይቶ የሚያውቀው ልዩ ሐኪም የሚገኘው በአዲስ አበባና በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ያ ሰው ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ በዚያው ተቅማጥ ሲመለስ አይታ፣ የቀድሞውን መዝገብ አገላብጣ፣ «ይህ ነገር አሜባ ብቻ አይመስልም» ብላ የምትጠረጥረው ነርሷ ናት። ሰገራው ገና ትኩስ ሳለ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የምታደርገውም እርሷ ናት፤ የቆየ ሰገራ ሕያው አሜባን አያሳይምና።

ሁለተኛው ሥራዋ መቁጠር ነው። እኛ መሐንዲሶች በልኬት እንኮራለን፤ የነርሷ ልኬት ግን ሕይወት ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲድኒ ትሩላቭና ሌስሊ ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች የትልቁ አንጀት ቁስለት ምን ያህል እንደ ከፋ የሚለይበትን መለኪያ አወጡ፤ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሕመምተኛው በቀን ስድስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ደም ያለው ሰገራ ከወጣውና ከዚህ ጋር ሙቀቱ ከ37.8 ዲግሪ ወይም የልቡ ምት በደቂቃ ከ90 ካለፈ፣ ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሆስፒታል መተኛት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር፣ ሰዓት፣ ወረቀትና የማይሰለች ሰው ነው። ያ ወረቀት በትክክል ከተሞላ፣ ሕመምተኛው ከሰመራ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ዱብቲ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በጊዜው ይላካል። ካልተሞላ ግን አንጀቱ ተነፍቶ ከተበሳ በኋላ መኪና ይፈለጋል።

የአገሩም ጠባይ ይታሰብ። በሰመራ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጤነኛው በላብ የሚያጣውን ውሃ ሕመምተኛው በላብም በተቅማጥም ያጣዋል። ስለዚህ ነርሷ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠውን ንጥረ ነገር፣ እርሱም ባይኖር ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንዴት እንደሚዘጋጅ ለቤተ ሰቡ ታስተምራለች። እዚህ ላይ ግን ለእኛ የሚሆን ጥያቄ አለ፤ በሸለቆው ውስጥ አንዳንዱ የጉድጓድ ውሃ ራሱ ጨዋማ ነው። በጨዋማ ውሃ ላይ ጨው ሲጨመር ምጥኑ ይፋለሳል። የውሃውን የጨው መጠን የሚያውቀው መሐንዲሱ ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ በፋይል ውስጥ ይቀራል እንጂ ለነርሷ አይደርሳትም።

ሦስተኛው ሥራዋ ረጅሙን ዘመን መከታተል ነው። ሕመሙ ሲበርድ ሰው ዳንሁ ይላል፤ መድኃኒቱንም ይተዋል። ሰልፋሳላዚን የታዘዘለት ሰው ደኅና ሆኖ ሳለ መዋጥ ካቆመ ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል። ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ የራሱን ቅመም ማዘጋጀት ትቶ ቆይቷልና ሊወድቅ ይችላል፤ ቀስ በቀስ እየቀነሰ መተው አለበት። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው ደሙ በየጊዜው መመርመር ይገባዋል። ይህን ሁሉ ከብትና ግመል ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ማስረዳት፣ ቀጠሮውንም ከጉዞው ጋር ማስማማት፣ ቋንቋና ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው።

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል የታወቀ ሥርዓት አለው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ተቀምጠው የአገሩን ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ነርሷ «መድኃኒት ገብቷል» የሚለውን መልእክት በዚህ መንገድ ብታስተላልፍ ከብዙ ደብዳቤ ይፈጥናል። ነገር ግን የአንጀት ሕመም አፍ ሞልተው የማይናገሩት ሕመም ነው። የአንዱ ሰው ገመና በዳጉ ቢወጣ ያ ሰው ዳግመኛ ወደ ጤና ጣቢያው አይመለስም። ስለዚህ የትኛው ወሬ ወደ መንገድ እንደሚወጣ፣ የትኛው በመዝገብ ውስጥ እንደሚታተም መለየት የነርሷ ኃላፊነት ነው። በምግብም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኑሮው በወተት ለሆነ ሕዝብ «ወተት ተው» ብሎ ማዘዝ ምን እንደሚበላ ሳይነግሩ ረሃብን ማዘዝ ይሆናል። ነርሷ ወተቱ በእርግጥ ሕመሙን እንደሚያስነሣበት ከሕመምተኛው ጋር ተከታትላ ታረጋግጣለች እንጂ ከመጽሐፍ ገልብጣ አትከለክልም።

የነርስና የመሐንዲስ ሙያ ሲገናኝ ምን እንደሚያስገኝ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። መድኃኒት አልመልስ ያለው አንጀት ተቆርጦ ሲወጣ፣ ሐኪሙ በሆድ ላይ የሰገራ መውጫ ያበጃል። ቀድሞ ይህ የተደረገለት ሰው ከሰው ፊት ይሸሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊሴ ሶረንሰን የተባለች የዴንማርክ ነርስ፣ እኅቷ በዚህ ምክንያት ከቤት መውጣት መፍራቷን አይታ፣ በቆዳ ላይ የሚጣበቅና ተጠቅመው የሚጥሉት ከረጢት አሰበች። ያነጋገረቻቸው አምራቾች አልተቀበሏትም። በመጨረሻ ኦገ ሉዊስ ሐንሰን የተባለ መሐንዲስና የፕላስቲክ አምራች፣ እርሷም ነርስ በነበረችው ባለቤቱ ምክር ሠራው፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1957 ተመሠረተ። ሐሳቡ የነርስ፣ ማስፈጸሚያው የመሐንዲስ ነበር።

በአገራችንም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና ጠባቂውን በአንድነት አሠልጥኖ በአንድ ቡድን ያሰማራ ነበር። መድኃኒቱና መጸዳጃው፣ መርፌውና የውሃ ጉድጓዱ አብረው ይሄዱ ነበር። በአውሮፓም በዚህ ሕመም ላይ የሚሠሩ ነርሶች እ.ኤ.አ. በ2013 የሥራ ድርሻቸውን የሚወስን የጋራ መግለጫ አውጥተዋል፤ ምክር መስጠት፣ መከታተልና የሕመምተኛው ጠበቃ መሆን በውስጡ ተጠቅሰዋል።

ከሥራዬ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በሸለቆው በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ እንድንሠራ የተሰጠን ንድፍ ለደጋ አገር የተዘጋጀ ነበር፤ መጸዳጃው ከግቢው ጫፍ ላይ ነበር። ነርሷ ንድፉን ካየች በኋላ ከሕሙማን አልጋ እስከዚያ ያለውን በእርምጃ ለካችው፤ ሰባ ሆነ። በቀን አሥር ጊዜ ለሚወጣ ሕመምተኛ ደርሶ መልሱ 1,400 እርምጃ በፀሐይ ማለት ነው። በንድፉ ላይ ከሰፈሩት ፊርማዎች አንዱም ይህን አላሰበም። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ አንድ መጸዳጃ ከሕሙማን ክፍሉ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ተሠራ፤ ወጪውም ከአጥሩ ቀለም አልበለጠም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በቆላው አገር የሚሠራ ማንኛውም የሕሙማን ክፍል ከጣሪያው ሳይወጡ የሚደርሱበት፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣ መደገፊያና መብራት ያለው መጸዳጃ ይኑረው። ሁለተኛ፣ የፓምፑ ሞተር ቢቆም ለጥቂት ቀናት የሚበቃ የውሃ ማጠራቀሚያ ይዘጋጅ፤ የውሃውም የምርመራ ውጤት በነርሷ ክፍል ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ ማይክሮስኮፑና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለባቸው መድኃኒቶች ከዋናው መስመር የተለየ የፀሐይ ኃይል ይኑራቸው። አራተኛ፣ ንድፍ ከመፈረሙ በፊት በዚያ ሕንፃ የምትሠራው ነርስ ታንብበው።

ይህ ሕመም ከወባ ወይም ከነቀርሳ ጋር ሲነጻጸር የጥቂቶች ነው፤ ለጥቂቶች ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለአንጀት ሕመምተኛው የቀረበው መጸዳጃ ኮሌራ ለያዘውም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሽማግሌውም የቀረበ ነው። መቁጠርና መከታተል የለመደች ነርስ የስኳር ሕመምተኛውንም የነቀርሳ ሕመምተኛውንም አትጥልም። ብዙ ጊዜ የሚወጣና የሚያፍር ሰው የማይቸገርበት ጤና ጣቢያ፣ ማንም የማይቸገርበት ጤና ጣቢያ ነው።

በሰመራና በአዋሽ ያሉ ነርሶች ከእኛ ምስጋና አይጠብቁም። የሚጠብቁት ውሃ፣ መብራትና በር ነው። ይህንንም መስጠት የእኛ ሙያ ነው።